ሳይወርዱ የሚሻገሩት ኮረብታ

ይድረስ ለውድ አባቴ፤
ደሴ

አባ፣ እንደምን ሰነበቱ? ጉልበትዎስ እንዴት ነው፣ ሻል አለዎት ወይ? እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ፤ ሥልጠናውም እየተገባደደ ነው። ዛሬ የምጽፍልዎ ባለፈው እሑድ እዚህ ሲንጋፖር ቀኑን ሙሉ በእግሬ ስለሄድኩበት መንገድ ነው። ዕድሜዎን በመንገድ ሥራ ስላሳለፉ፣ ያየሁትን ከእርስዎ አብልጦ የሚረዳልኝ ሰው የለም።

በከተማዋ ደቡብ፣ ባሕሩን ተጠግተው፣ ደን የለበሱ ኮረብታዎች ተሰልፈዋል። ከፍታቸው ለወሎ ሰው ብርቅ አይደለም፤ ጉዞዬን የጀመርኩበት ማውንት ፌበር ከባሕር ጠለል 100 ሜትር ገደማ ነው፣ ደሴያችን ግን ከ2,400 ሜትር በላይ ናት። ያስደነቀኝ የተያያዙበት መንገድ ነው። ቀድሞ እያንዳንዱ ኮረብታ ለየብቻው መናፈሻ ነበር፤ በመካከላቸው ሰፋፊ የመኪና መንገዶች ስለሚያልፉ ከአንዱ ወደ ሌላው የሚሄድ ሰው ወርዶ፣ አስፋልት ተሻግሮ፣ እንደገና ዳገት ይወጣ ነበር። አሁን በድልድይ ተቀጣጥለው 10 ኪሎ ሜትር ያህል የሚያስኬድ አንድ የእግር መንገድ ሆነዋል።

ከድልድዮቹ ሁሉ ረጅም ጊዜ ያቆመኝ እ.ኤ.አ. በ2008 የተከፈተው ሄንደርሰን ዌቭስ ነው። ርዝመቱ 274 ሜትር ሲሆን ከሥሩ ካለው አውራ ጎዳና 36 ሜትር ከፍ ብሎ ሁለት ኮረብታዎችን ያገናኛል። ጎኑ እንደ ማዕበል እየተጠማዘዘ አንዴ ከወለሉ በላይ ይነሣል፣ አንዴ ከወለሉ በታች ይገባል፤ ከፍ በሚልበት ስፍራም ከፀሐይ የሚከልል መቀመጫ አለው። ጎንበስ ብዬ ወለሉን ዳሰስኩት፤ ቀጫጭን የጠንካራ እንጨት ጣውላዎች ጎን ለጎን ተደርድረው፣ የዝናቡ ውሃ እንዲወርድ በመካከላቸው ጠባብ ክፍተት ተትቷል። እዚህ አገር ዝናብ ሳይታሰብ ስለሚወርድ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ከቴሎክ ብላንጋ ኮረብታ ወዲያ መንገዱ በብረት ምሰሶ ላይ ሆኖ በዛፎቹ ጫፍ መካከል ያልፋል። ወለሉ እንደ ወንፊት የተበሳሳ ብረት ስለሆነ ከእግር በታች ቅጠሉና የዛፉ ሥር ይታያል። ቁልቁለቱን በደረጃ አልቆረጡትም፤ ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይ እያጠማዘዙ ስላረዘሙት ለጉልበት አይሰማም። ልጅ ሳለሁ ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ የሚወጣውን ጠመዝማዛ መንገድ እያሳዩኝ «ዳገት የሚረታው በመዞር ነው» ያሉኝ ያኔ ትዝ አለኝ። አንድ አዛውንት በተሽከርካሪ ወንበር ተቀምጠው፣ ልጃቸው ያለ ድካም እየገፋቸው በአጠገቤ ሲያልፉ፣ እርስዎ በዚያ ቦታ ቢሆኑልኝ ብዬ ተመኘሁ፤ ዓይኔም እንባ አቀረረ።

አሌክሳንድራ አርች የተባለውን 80 ሜትር ድልድይና ከእሱ ቀጥሎ ያለውን የአትክልት ስፍራ በፍጥነት አለፍኩ። ኬንት ሪጅ ስደርስ ግን ቆየሁ። እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 1942 የማላይ ሬጅመንት ወታደሮች የጃፓንን ጦር እዚህ ገጥመው፣ ሌተናንት አድናን ሳይዲ የተባሉት መኮንናቸው ወሩ በገባ በ14ኛው ቀን በውጊያው ወደቁ፤ በማግሥቱ ከተማዋ እጇን ሰጠች። በ1928 ዓ.ም. ኅዳር ወር ጣልያን ደሴን በአውሮፕላን ሲደበድብ የሆነውን ከሽማግሌዎች እየሰማሁ ስላደግሁ፣ እንዲህ ያለ ኮረብታ ለእኔ መናፈሻ ብቻ አይሆንልኝም። የዚህ አገር ሰዎች የጦር ሜዳቸውን ከመዝናኛቸው ሳይነጥሉ ማቆየታቸውን ወደድኩላቸው።

አባ፣ ጉልበትዎ ከያዘዎት ወዲህ ዳገቱን ፈርተው ከሰፈር መውጣት እንደቀነሱ እህቴ ነግራኛለች። ከተማችን በጦሳና በአዝዋ ገደል መካከል ተጨንቃ የተቀመጠች ስለሆነች፣ ጎረቤት የሚባለውን ሰፈር እንኳ ወርዶ መውጣት ያሻል። ብረቱና ገንዘቡ ከየት ይመጣል እንደሚሉኝ አውቃለሁ፤ ሆኖም ጥቂት ደረጃዎችን በረጋ ጠመዝማዛ መተካትና በየመሐሉ መቀመጫ ማኖር በድንጋይም የሚሠራ ይመስለኛል። ስለዚህ አንድ ነገር ልለምንዎ፤ ሰፈራችንን ከሸዋበር ጋር በእግር ለማገናኘት ቢታዘዙ መንገዱን በየት በኩል ያዞሩት ነበር? ለእህቴ እየነገሯት በወረቀት ላይ ታስምርልኝና ፎቶውን ትላክልኝ። ስመለስ ይዤው እወጣና እለካዋለሁ።

አላህ ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ። ለእማዬ ሰላምታዬን ያድርሱልኝ፤ ዱዓችሁም አይለየኝ።

አክባሪ ልጅዎ