ዘጠኝ ደቂቃ ዝምታ

ይድረስ ለውድ ልጄ፣

ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን፤ የድሬዳዋ ሙቀት እንደምታውቀው ነው፣ ማታ ማታ ግን ከዚራ ዛፎቹ ሥር ነፋስ አይጠፋም። በፍላሽ የላክህልኝን «ዘ ስቴሽን ኤጀንት» የተባለ ፊልም ሁለት ጊዜ አየሁት። ባቡር ስላለበት እንደምወደው ነግረኸኝ ነበር፤ እውነትህን ነው፣ ልቤን የያዘው ግን ባቡሩ ብቻ አይደለም።

እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣው ይህ ፊልም የቶም ማካርቲ የመጀመሪያ የዳይሬክተርነት ሥራ ሲሆን፣ በጥቂት ገንዘብ የተሠራ መሆኑ ያስደንቃል። ፒተር ዲንክሌጅ የሚጫወተው ፊን ቁመቱ እጅግ አጭር፣ ዝምተኛና ባቡር ወዳድ ሰው ነው፤ የባቡር ሞዴል መሸጫ ባለቤት የነበረው ወዳጁ ሲሞት ኒው ጀርሲ ውስጥ የተተወ ጣቢያ ያወርሰውና ብቻውን ሊኖርበት ይሄዳል። ደጃፉ ላይ ግን የታመመ አባቱን መኪና ተረክቦ ቡና የሚሸጠው ወሬኛው ጆ አለ፤ ልጇን በሞት ያጣችው ሠዓሊ ኦሊቪያም በመኪናዋ ሁለት ጊዜ ልትገጨው ትደርሳለች።

ሳቁ በማን ላይ እንደሚያርፍ አስተውለሃል? በእኛ ቀልዶች አጭር ሰው ብዙ ጊዜ የሚመጣው እንዲሳቅበት ነው፤ ይህን ባየሁ ቁጥር ያመኛል። እዚህ ግን ባለሱቋ ሳታስፈቅደው ፎቶ ስታነሣው የምናፍረው በእሷ ነው።

ከሁሉ የወደድሁት ጆ እንደማያወራ ቃል ገብቶ፣ ከፊን ጎን ለማንበብ የተቀመጠበትን ትዕይንት ነው። አፉን ሲከፍት ፊን ቃሉን ያስታውሰዋል፤ ጆ ሃያ ደቂቃ ያህል ዝም ማለቱን ሲናገር ፊን ዘጠኝ ብቻ ብሎ ያርመዋል፤ ለካ ሰዓት ይዞበት ኖሯል። እናትህ እስክትደነግጥ ድረስ ሳቅሁ፣ ቀጥሎም እንባዬ መጣ።

ምድር ባቡር ወርክሾፕ በገባሁበት ዘመን አንድ ሶማሌ በያጅ ነበር፤ የእሱ አማርኛ ጥቂት፣ የእኔ ሶማሊኛ ደግሞ ከዚያም ያነሰ። ምሳ ሰዓት ላይ አንዷን ብርጭቆ ሻይ ለሁለት ተካፍለን ከጅቡቲ የሚመጣውን ባቡር እንጠብቅ ነበር። መዳፉን በጋለው ሐዲድ ላይ ለአፍታ ያሳርፍና አንድ ጣቱን ያነሣልኛል፤ መጣ ማለቱ ነው። ከዚያ በላይ ብዙም ሳናወራ ዓመታት አለፉ። ሐዲዱ በ1895 ዓ.ም. እዚህ ደርሶ ይህችን ከተማ ከወለዳት ወዲህ፣ ቋንቋ ለቋንቋ የማይግባባ ስንት ሰው እንዲህ ጎን ለጎን እንዳስቀመጠ አስበው። ሥራው ሲቀዘቅዝ ወዳጄ ወደ ዘመዶቹ ጅቡቲ ሄደ፤ እኔም ከእሱ በኋላ ምሳዬን እዚያ በልቼ አላውቅም።

ለፋሲካ ስትመጣ ፊልሙን አብረን እንየው። ቀድሞ እንቀመጥበት የነበረውን ቦታም ለገሃር ወስጄ አሳይሃለሁ።

አባትህ
ድሬዳዋ