ለሰፈራችን የቦኖ ውሃ ሥራ የድጋፍ ጥሪ (ለሁለተኛ ጊዜ)

ሰላም ለእድራችን አባላት በሙሉ፣ አዳማ ላላችሁም ከአዳማ ውጪ ላላችሁም። ብዙዎቻችሁ ሰምታችኋል፣ ባለፈው ሳምንት ሌሊት የተነሳው ነፋስ የሮቶውን ማማ ጣለው፣ 5 ሺህ ሊትር የሚይዘው ሮቶም ጎኑ ተሰንጥቋል። የአዳማን ነፋስ ሁላችንም እናውቀዋለን፣ ሮቶው ውሃ ቢኖርበት ግን እንዲህ በቀላሉ አይወድቅም ነበር፣ ባዶውን የቆመው ብር አልቆብን የከተማውን ውሃ የሚያመጣልን የቧንቧ መስመር ቁፋሮ ስለተቋረጠ ነው። ይሄን የምጽፈው ማንንም ለመውቀስ አይደለም፣ እኛም ኮሚቴዎቹ ደክሞናል፣ በየቤቱ ማንኳኳቱ ራሱ ከብዶናል።

«ብሩ የት ገባ» የሚል ጥያቄ ስለበዛ ከመጀመሪያው ልናገር። የጉድጓዳችን ውሃ ሲመረመር ፍሎራይዱ፣ ማለትም ሲበዛ ጥርስ የሚያበልዘውና አጥንት የሚጎዳው ማዕድን፣ የዓለም ጤና ድርጅት ከፈቀደው በሊትር 1.5 ሚሊግራም በብዙ በልጦ ተገኘ። የስምጥ ሸለቆው የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው ወደ ከርሰ ምድር ውሃው የሚለቀው። ሽታ የለው፣ ለዓይንም ጥርት ያለ ውሃ ነው። አፍልተን እንጠጣ ያላችሁም ነበራችሁ፣ ማፍላት ውሃውን እያተነነ ፍሎራይዱን እዚያው ያስቀረዋል፣ ጭራሽ ያበዛዋል። ያኔ የመረጥነው መንገድ ጥርሳቸው የበለዘ ልጆች ያሉባቸውን ቤቶች ለይቶ የአጥንት ከሰል ማጣሪያ መስጠት ነበር፣ ብሩም በሁለት ሳምንት ሞላ። የልጆቹን ጥርስ አይቶ የጨከነ ሰው አልነበረም፣ እግዚአብሔር ይስጥልን።

ያ ብር አልባከነም። ማጣሪያው ይሰራል፣ የተቃጠለ የከብት አጥንት ፍሎራይዱን ይይዛል፣ ግን እየቆየ ይሞላና መቀየር አለበት፣ ያልቀየሩ ቤቶች አሉ። ከብቱ በማን እጅ እንደታረደ አናውቅም ብለው፣ ወይም በጾም እንዴት በአጥንት የተጣራ እንጠጣ ብለው የመለሱም አሉ፣ አልፈረድንባቸውም። የኛ ትልቁ ጥፋት ሌላ ነው። ጥርስ የሚጎዳው ገና ድድ ውስጥ እያለ፣ ልጁ ስምንት ዓመት ገደማ እስኪሞላው ባለው ጊዜ ነው፣ ከበለዘ በኋላ ማጣሪያ አይመልሰውም። ስለዚህ የበለዘ ጥርስ እያየን ስንመርጥ የመረጥነው ጉዳት ያለፈበትን ቤት ነው፣ ጥርሱ ገና ያልወጣው ህፃን ያለበትን ጎረቤት ግን «እናንተ ደህና ናችሁ» ብለን አለፍነው። ማጣሪያ የተሰጠው ልጅም ቢሆን ውጪ ሲጫወት ጠምቶት የሚጠጣው ከጎረቤት ጀሪካን ነው። አዋቂውም አይድንም፣ ለብዙ ዓመት የጠጣ ሰው አጥንቱና መገጣጠሚያው ይደርቃል፣ ጎንበስ ቀና ማለት የተሳናቸውን አባቶቻችንን ታውቋቸዋላችሁ።

ጤና መኮንን የሆነው የሰፈራችን ልጅ ስብሰባ ላይ ያስረዳንን አልረሳውም። ጄፍሪ ሮዝ የሚባል እንግሊዛዊ ሐኪም በፈረንጆቹ 1985 እንደጻፈው ትንሽ አደጋ ያለባቸው ብዙ ሰዎች፣ ትልቅ አደጋ ካለባቸው ጥቂቶች የበለጠ በሽተኛ ሊያወጡ ይችላሉ፣ ስለዚህ የባሰበትን ብቻ ለይቶ መርዳት አይበቃም፣ የሁሉንም አደጋ አንድ ላይ ዝቅ ማድረግ ያስፈልጋል። ችግሩ ደግሞ ለሁሉም የሚደርስ ነገር ለእያንዳንዱ ሰው ጥቅሙ ትንሽ መስሎ ይታየዋል። እኛ ላይ የሆነው ይኸው ነው። ለማጣሪያው የሰጠ እጅ ለቧንቧው ታጠፈ፣ ምክንያቱም ቧንቧ የልጅ ፊት የለውም፣ ፎቶ አንስተን የምናሳያችሁ ቦይ ብቻ ነው። ያ ቦይ ግን ከአዋሽ ተጣርቶ የሚመጣውን የከተማውን ውሃ ሀብታም ደሃ፣ የታመመ ያልታመመ ሳይል ለሁሉም በር ያደርሳል። ማጣሪያውንም አልተውነውም፣ መስመሩ እስኪገባ ህፃን ላለባቸው ቤቶች ይቀጥላል፣ አሁን የምንመርጠው በህፃን ነው።

እስካሁን የቦኖው ቤት አልቋል፣ የመስመሩ ግማሽ ተቆፍሮ ቧንቧ ተቀብሯል። ማማውን ለምን በርካሽ አሰራችሁ ለምትሉ፣ ሶስት ፕሮፎርማ ሰብስበን መካከለኛውን ነው የወሰድነው፣ ደረሰኙ ገንዘብ ያዧ እጅ አለ፣ መጥቶ ማየት ለማንም ይቻላል። አሁን የቀረው የቧንቧው ግማሽ፣ አዲስ ሮቶና በኮንክሪት የሚቆም ማማ ነው። ለዚህ ከየቤቱ 1,500 ብር ጠይቀናል፣ በሶስት ጊዜ መክፈል ይቻላል፣ የሌለው በጉልበት ይተካል።

ውሃ ማጠጣት በሁለቱም ሃይማኖታችን ትልቅ ነገር ነው። ሙስሊም ወንድም እህቶቻችን ሰደቀቱል ጃሪያ ይሉታል፣ እኛም ተጠምቼ አጠጥታችሁኛል የሚለውን ከልጅነታችን ጀምሮ ስንሰማው ነው ያደግነው።

ብር የምታስገቡት በእድሩ ስም በተከፈተው ሂሳብ ብቻ ነው፣ ቁጥሩ የእድር ደብተራችሁ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ታትሟል። በግል ስልክ ቴሌብር ላኩ የሚላችሁ ካለ ከኛ አይደለም እባካችሁ እንዳትልኩ። ውጪ ያላችሁ ቤተሰብ ደብተሩን ፎቶ አንስቶ ይላክላችሁ። እደግመዋለሁ፣ ደብተሩ ላይ ያለው ቁጥር ብቻ፣ ስታስገቡ የአባል ቁጥራችሁን ጻፉበት፣ ባለፈው ስም የሌለው ገቢ ለማጣራት ብዙ ለፍተናል።

እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ቁፋሮው ከቆመበት ይቀጥላል። አካፋና ዶማ ያለው ይዞ ይምጣ፣ ሻይ እናቶች ያዘጋጃሉ።