የጨዋታ ሰሞን የአልጋ ዋጋ አስቀድሞ ይለጠፍ

ለተከበሩ ዋና አዘጋጅ፦

ደሴ ትልቅ ጨዋታ በምታስተናግድበት ቅዳሜና እሁድ የአልጋ ዋጋ በድንገት መናሩ በእንግዶችም ሆነ በእኛ በነዋሪዎች ዘንድ ብርቱ ቅሬታ እያስነሣ ስለሆነ፣ ነገሩ በጋዜጣችሁ በኩል ከሚመለከታቸው ኃላፊዎችና ከሆቴል ባለቤቶች ጆሮ እንዲደርስ በማሰብ ይህን ደብዳቤ ጽፌያለሁ። የደሴ ነዋሪና የእግር ኳስ ደጋፊ ነኝ፤ ከሌላ ከተማ ቡድናቸውን ተከትለው ለሚመጡ ደጋፊዎች ማረፊያ በማፈላለግ ስለምተባበር የምናገረው ያየሁትን ነው።

የዋጋው ከፍ ማለት ብቻውን ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል ባልተከፋሁ። በከተማዋ ያለው አልጋ ውስን ስለሆነ ፈላጊው ሲበዛ ዋጋው እንደሚጨምር ማንም ይረዳል። የሚያስከፋው ዋጋው የሚወሰንበት መንገድ ነው። ረቡዕ ዕለት በስልክ የተነገረው ዋጋ፣ ዓርብ ማታ እንግዳው መታወቂያውን አውጥቶ ጠረጴዛው ፊት ሲቆም ሌላ ሆኖ ይጠብቀዋል፤ የተለጠፈ የዋጋ ዝርዝር ስለሌለ፣ ካለም ለዚያ ሰሞን ስለሚነሣ፣ የሚከራከርበት ማስረጃ አይኖረውም። የለበሰው ማሊያ ከሩቅ መምጣቱንና የሚሄድበት እንደሌለው ይናገርበታል። ቀብድ ልኮ ክፍል ያስያዘ ሰው እንኳ «ስምዎ አልተመዘገበም» ተብሎ ክፍሉ የተሻለ ለከፈለ ሲሰጥበት አይቻለሁ። በዚህ ላይ መናኸሪያ በር ላይ የሚቆመው ደላላ አለ፤ ድርሻውን የሚሰጠው ሆቴሉ ቢመስልም የኋላ ኋላ ከፋዩ እንግዳው ነው።

እነዚህ ደጋፊዎች እነማን እንደሆኑ ማሰብ ይገባል። አብዛኞቹ ወጣቶች ናቸው፤ ገንዘብ አዋጥተው ቅጥቅጥ አውቶቡስ ተከራይተው፣ ለምሳና ለአንድ ሌሊት ማደሪያ የምትበቃ ብር ቋጥረው የሚመጡ ተማሪዎች፣ የቀን ሠራተኞችና አነስተኛ ነጋዴዎች ናቸው። የአልጋው ዋጋ ካሰቡት እጥፍ ሲሆንባቸው አንድ ክፍል ውስጥ ተጨናንቀው ለማደር ይለምናሉ፣ አለዚያም ከጨዋታው በኋላ በሌሊት መንገድ ይጀምራሉ። እኔን ከሁሉ ይልቅ የሚያስጨንቀኝ ይህ ነው። ደሴ 2,500 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ የምትገኝ ብርዳም ከተማ ስለሆነች ውጭ ማደር የሚታሰብ አይደለም፤ ወደ ኮምቦልቻ እንውረድ ቢሉ ደግሞ 25 ኪሎ ሜትር ያህል የሆነው መንገድ የሐረጎን ተራራ ይዞ ከ600 ሜትር በላይ የሚያቆለቁል ጠመዝማዛ ሲሆን፣ ጉም በሚወርድበት ምሽት የፊት መብራት እንኳ አጥርቶ አያሳይም። ቀኑን ሙሉ ሲያሽከረክር የዋለ ሹፌር፣ ደጋፊዎቹ አልጋ በማጣታቸው ብቻ እንቅልፉን ሳያገኝ ይህን መንገድ ሲጀምር ማየት ያስፈራል።

ጉዳቱ በደጋፊው ላይ ብቻ የሚያበቃም አይደለም። የደሴ ሆስፒታል ከደቡብና ከሰሜን ወሎ፣ ከአጎራባች የአፋር ወረዳዎችም ጭምር ሕመምተኛ የሚቀበል ሪፈራል ሆስፒታል ነው። ሕመምተኛ ይዘው የመጡ አስታማሚዎች የሚያድሩት እነዚያው ርካሽ ፔንሲዮኖች ውስጥ ነው። ለእግር ኳስ ተብሎ የተጨመረው ዋጋ፣ ጨዋታ መኖሩን እንኳ በማታውቅ፣ ልጇን አስተኝታ በምታስታምም እናት ላይ ያርፋል። «ከነገ ጀምሮ ዋጋው ስለሚጨምር ወይ ጨምሪ ወይ ልቀቂ» መባልን የመሰለ ነገር በከተማችን መሰማቱ ልብ ይሰብራል።

የሆቴል ባለቤቶችንም ችግር አልዘነጋሁም። በ2014 ዓ.ም. በነበረው ጦርነት ደሴና ኮምቦልቻ ሲያዙ ብዙ ሆቴሎች ተዘርፈዋል፤ ፍራሽና ቴሌቪዥን ሳይቀር የተወሰደባቸው ባለቤቶች ተበድረው እንደገና ሥራ ጀምረዋል። ውኃ ሲጠፋ በቦቴ ያስመጣሉ፣ መብራት ሲሄድ ጄኔሬተር ያስነሣሉ፣ በሥራ ቀናትም ብዙው አልጋ ባዶውን ያድራል። ስለዚህ እንግዳ በሚበዛበት ሰሞን የተሻለ ገቢ ማግኘታቸው ተገቢ ነው። ጥያቄዬ ጭማሪው አስቀድሞ ተወስኖ፣ ተለጥፎና ተከብሮ እንዲቆይ ብቻ ነው።

ይህን የሚያዝ ሕግም አለ። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ነጋዴው የዕቃውንና የአገልግሎቱን ዋጋ በግልጽ በሚታይ ቦታ እንዲያመለክት፣ ለከፋዩም ደረሰኝ እንዲሰጥ ያስገድዳል። በጨዋታ ሰሞን ግን ደረሰኙ የሚቆረጠው በቀድሞው ዋጋ ሲሆን ልዩነቱ በእጅ ይሰጣል። እንግዳው የከፈለውን ማስረዳት አይችልም፤ በልዩነቱ ላይ ሊሰበሰብ የሚገባው የ15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስም ለመንግሥት ሳይገባ ይቀራል።

ችግሩ የእኛ ከተማ ብቻ አለመሆኑ እውነት ነው። በ2004 ዓ.ም. ዩክሬን ከፖላንድ ጋር የአውሮፓን ዋንጫ ልታስተናግድ ስትዘጋጅ የአውሮፓ እግር ኳስ ማኅበራት ኅብረት ፕሬዚዳንት የነበሩት ሚሼል ፕላቲኒ ዋጋ የቆለሉትን የዩክሬን ሆቴሎች ባለቤቶች በአደባባይ ሽፍቶች ብለዋቸው ነበር። ያም ሆኖ ግንቦት 18 ቀን 2010 ዓ.ም. ሪያል ማድሪድና ሊቨርፑል በኪየቭ ለቻምፒዮንስ ሊግ ፍጻሜ ሲገናኙ ዋጋው እንደገና ሰማይ ነካ፤ ቀደም ብለው ያስያዙ ደጋፊዎችም ክፍላቸው ተሰረዘባቸው። ያን ጊዜ የከተማዋ ነዋሪዎች በማኅበራዊ ሚዲያ ተጠራርተው ለማያውቋቸው እንግዶች ቤታቸውን በነጻ ከፈቱ። ይህን ባነበብኩ ጊዜ ወሎን አሰብኩ፤ መንገደኛን አሳድሮ፣ አብልቶና መርቆ የመሸኘት ልማድ ያለን እኛ፣ እንግዶቻችንን በሆጤ ሜዳ በጭብጨባ ተቀብለን ማታ ላይ ለደላላ አሳልፈን መስጠታችን አሳፍሮኛል።

የጨዋታ መርሐ ግብር አስቀድሞ የሚታወቅ ነገር ስለሆነ ሁሉም ወገን ለመዘጋጀት በቂ ጊዜ አለው። የከተማው ንግድና ገበያ ልማት መምሪያ ከሆቴልና ከፔንሲዮን ባለቤቶች ጋር ተቀምጦ ለጨዋታ ሰሞን የሚያገለግል ጣሪያ ዋጋ ሊስማማ፣ ዋጋው በየሆቴሉ መግቢያ እንዲለጠፍና አቤቱታ የሚቀርብበት ስልክ ከሥሩ እንዲጻፍ ሊያደርግ ይችላል። ስልኩን በሥራ ሰዓት ብቻ የሚያነሣ ሰው መመደብ ግን ጥቅም የለውም፤ ክርክሩ የሚነሣው ዓርብና ቅዳሜ ማታ ነው። ቀብድ የተቀበለ ሆቴል ክፍሉን ለሌላ ከሰጠ ቀብዱን መልሶ ተመጣጣኝ ማረፊያ እንዲያፈላልግ ይገደድ። የደጋፊ ማኅበራትም ደጋፊው መናኸሪያ ደርሶ ከመጨነቁ በፊት በጅምላ ውል ገብተው አልጋ ቢይዙ፣ የኮምቦልቻ ሆቴሎችም በዚሁ ስምምነት ቢካተቱና ጨዋታው እንዳለቀ፣ ሳይጨልም ደጋፊዎቹን የሚያወርድ አውቶቡስ ቢመደብ፣ የሁለቱ ከተሞች አልጋ ተደምሮ ጥበቱን በእጅጉ ያቃልላል።

ዋጋቸውን ሳይለውጡ፣ ክፍል ሲሞላባቸው እንኳ እንግዳውን ወደ ጎረቤት ፔንሲዮን በአክብሮት የሚሸኙ ባለቤቶች በከተማችን እንዳሉ አውቃለሁ፤ ለእነርሱ ያለኝ ምስጋና ከልብ ነው። መምሪያው ከቀጣዩ የውድድር ዓመት በፊት ምን እንዳሰበ በዚሁ ጋዜጣ ላይ መልስ ቢሰጠን፣ እኛም ለሚመጡት ደጋፊዎች ስልክ ስንደውል የምንነግራቸውን ቁርጥ ያለ ዋጋ እናውቃለን።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የደሴ ነዋሪ