ጂን መኖሩ ሌላ፣ መሥራቱ ሌላ

ይድረስ ለጤና ዓምድ አዘጋጅ፣

ስለ ልብ ሕመምና ስለ ደም ሴሎች ያወጣችሁትን ጽሑፍ አነበብኩት። ጉዳዩን በማንሳታችሁ ደስ ብሎኛል። አንድ ነገር ግን አልዋጥልህ አለኝ። «የጂን እንቅስቃሴ» የሚለውን በዘር እንደሚወረስ ጂን አድርጋችሁ ነው የጻፋችሁት። የልብ ሕመምተኛ የሆነው ታላቅ ወንድሜ አንብቦት «በቃ፣ አብሮኝ የተወለደ ነው፤ ምን አደርገዋለሁ?» አለኝ። ይህን ደብዳቤ ያስጻፈኝም እሱ ነው።

ሴሎቻችን ከሞላ ጎደል አንድ ዓይነት ጂን ይይዛሉ። የትኛው ጂን ሥራ ላይ እንዳለ ግን ከሴል ሴል፣ ከጊዜ ጊዜ ይለያያል። በጽሑፋችሁ ያነሳችኋቸው ተመራማሪዎች ከደም የሚለኩት ይህንን ነው፤ ሴሉ በዚያ ሰዓት የሚያመርተውን አርኤንኤ፣ ማለትም ሥራ ላይ ያለውን ጂን ቅጂ። ዘር ድርሻ የለውም ማለቴ አይደለም። ግን ሁለቱ አንድ አይደሉም።

ወንድሜ አንጂዮግራፊ (ልብ ደም ቧንቧ ውስጥ ቀለም ተረጭቶ የሚነሳ የኤክስሬይ ምስል) ሲነሳ ምስሉን አሳይተውናል። የቀኙ የልብ ደም ቧንቧ መሃሉ ላይ ጥርቅም ብሏል። ቀለሙ እዚያ ደርሶ ቆመ። ትንሽ ቆይቶ ግን ከተዘጋው ቦታ በታች ያለው ክፍል ቀስ እያለ ጠቆረ። ቀለሙ ከግራው ቧንቧ ተነስቶ፣ እንደ ክር በቀጠኑ ጥምዝምዝ ቧንቧዎች ዞሮ ደረሰ። ዓይኔን ማመን አቃተኝ።

እነዚህ ቀጫጭን ቧንቧዎች ብዙዎቹ ድሮም ነበሩ። ዋናው ሲጠብ ደሙ በእነሱ በኩል ይበረታል። ፍሰቱ ግድግዳቸውን ሲፈትገው ሞኖሳይት የሚባሉት ነጭ የደም ሴሎች ይሰበሰባሉ፤ ቧንቧው እንዲሰፋ የሚያደርጉ ንጥረ ነገሮችንም ይለቃሉ። ታዲያ አንዱ ሰው ላይ አድገው ሌላው ላይ ለምን ይቀጭጫሉ? እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣ ጥናት አንድ ፍንጭ ሰጥቷል። ቧንቧዎቹ በቅጡ ባላደጉላቸው ታማሚዎች ሞኖሳይት ውስጥ ለኢንተርፌሮን ቤታ ምላሽ የሚሰጡ ጂኖች ይበልጥ ይሠሩ ነበር። ኢንተርፌሮን ቤታ ሰውነት ቫይረስን የሚከላከልበት ነው። ለአይጦች ሲሰጥም የቧንቧዎቹን እድገት ገታ።

እነዚህን ቧንቧዎች የሚያሳድግ መድኃኒት ማግኘት ቀላል ያልሆነውም ያው ሞኖሳይት ቧንቧን የሚደፍነውን ስብ በማከማቸትም እጁ ስላለበት ነው። አንዱን ሲያነቃቁ ሌላውም ሊነቃ ይችላል።

በሐኪም ክትትል የሚደረግ የአካል እንቅስቃሴ በእነዚህ ቧንቧዎች የሚያልፈውን ደም እንደሚጨምር ግን እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ የጀርመን ጥናት አሳይቷል። ያውም በ4 ሳምንት። ወንድሜ የታዘዘለትን የእግር ጉዞ ያቆመው ጽሑፋችሁን ባነበበ ማግስት ነው። እባካችሁ እርማቱን እዚያው ገጽ ላይ፣ በጉልህ አውጡልን።

አክባሪያችሁ፣
የዘወትር አንባቢያችሁ