የአየር ቧንቧ ለጠበባቸው ሕሙማን የድጋፍ ጥሪ

የተከበራችሁ የእድራችን አባላት፣ በውጭ አገር ያላችሁም የሰፈራችን ልጆች፤

እህቴ ስትተነፍስ ፉጨቱ ከሌላ ክፍል ይሰማ ነበር። "አስም ነው" ተብላ ወራት ሙሉ ፓፍ ስትወስድ ከረመች፤ ጠብ ያለላት ነገር የለም። ከዚያ በፊት ጽኑ ሕሙማን ክፍል ተኝታ ለሳምንታት በጉሮሮዋ በገባ ቱቦ በማሽን ትተነፍስ እንደነበር ከሕመሙ ጋር ያያያዘው ሰው አልነበረም። እኛም ብንሆን። አየር እንዳያመልጥ ቱቦው ጫፍ ላይ የሚነፋው ፊኛ የቧንቧውን ግድግዳ አጥብቆ ከተጫነው ደም አይደርሰውም፤ ቁስሉ ሲድን ጠባሳው ቧንቧውን ያንቀዋል።

የአዋቂ ሰው የአየር ቧንቧ ስፋቱ 2 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ወደ 8 ሚሊ ሜትር ሲጠብ ደረጃ መውጣት ያቅታል፤ 5 ሲደርስ ቁጭ ባሉበትም ትንፋሽ ያጥራል። ቲቢ የተወው ጠባሳም፣ የካንሰር እጢም ቧንቧውን እንዲሁ ይዘጉታል።

ሕክምናው ብዙ ጊዜ ደረት መክፈት አይጠይቅም። ታካሚው ሙሉ ማደንዘዣ ወስዶ ቀጥ ያለ የብረት ቱቦ በአፉ ይገባለታል። በዚያው ቱቦ አየር እየገባለት ሐኪሙ ጠባሳውን ይሰነጥቃል፣ በፊኛ ያሰፋል፤ እጢ ከሆነ በሌዘር ወይም በኤሌክትሪክ ያቃጥለዋል። ተመልሶ ይዘጋል ተብሎ ከተሰጋ ስቴንት፣ ማለትም ቧንቧውን ከፍቶ የሚይዝ አጭር ቱቦ፣ ይቀመጣል። ነገሩ አዲስ አይደለም፤ ጀርመናዊው ጉስታቭ ኪሊያን ከአንድ ገበሬ ሳንባ ቧንቧ አጥንት ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1897 ነው።

እህቴ ዛሬ ገበያ ደርሳ ትመለሳለች። ግን ጠባሳ ይመለሳል፤ እስካሁን ሦስት ጊዜ ቧንቧዋን ማስፋት አስፈልጓል።

ማሽን ግዙልን አላልንም። ማሽን ሲገዛ ሪባን ይቆረጣል፣ ፎቶ ይነሣል፤ የምትታከምበት ክፍል የጎደለው ግን አላቂው ዕቃ ነው። ስቴንት እንደ ጫማ በልክ የሚመረጥ ስለሆነ የተለያየው ልክ ቁም ሳጥን ውስጥ መገኘት አለበት፤ ታፍኖ የመጣ ሰው ከውጭ እስኪታዘዝለት አይጠብቅም። ለመጀመሪያው ዙር 10 ፊኛና 6 የሲሊኮን ስቴንት አስበናል። ለጠባሳ የሲሊኮኑን የመረጥነው ብረቱ ከሥጋ ጋር ስለሚያያዝና በኋላ ማውጣቱ ፈተና ስለሆነ ነው።

ፕሮፎርማው እድሩ ጸሐፊ ዘንድ አለ፤ መጥታችሁ እዩት። ክፍያው በሁለት ፊርማ በቀጥታ ለአቅራቢው ይሄዳል፤ ደረሰኙ በወር ስብሰባ ይነበባል። ውጭ ያላችሁ እባካችሁ ዕቃ በሻንጣ አትላኩ፤ ልኩ ላይገጥም፣ ጊዜው ሊያልፍ ይችላል። ገንዘቡን በቤተሰቦቻችሁ በኩል ለገንዘብ ያዡ አድርሱልን።