የበረሃ ግንብ በችግኝ ብዛት አይለካ
ስለ አፍሪካ ታላቁ አረንጓዴ ግንብ ነው የምጽፈው። እ.ኤ.አ. በ2007 ሲጀመር ከሴኔጋል እስከ ጅቡቲ 8,000 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚዘረጋ፣ የሰሃራ በረሃ ወደ ደቡብ እንዳይስፋፋ የሚያግድ የዛፍ አጥር ነበር የታሰበው። በረሃ ግን እንደ ጦር ተሰልፎ ከሰሜን አይመጣም፤ ዛፉ በተመነጠረበትና ግጦሽ በበዛበት ቦታ ሁሉ እዚያው ይወለዳል፣ ስለዚህ በአንድ መስመር የተደረደረ ችግኝ አያግደውም። ተንከባካቢ ያጣ ችግኝ ደግሞ በመጀመሪያው በጋ ይደርቃል። የኒጀር ገበሬዎች የተሻለ መንገድ አሳይተውናል። ከአሮጌ ጉቶ የሚያቆጠቁጠውን ቀንበጥ ከመንቀል ይልቅ ጠንካራውን መርጠው፣ ሌላውን ገርዘው፣ ከከብት ጠብቀው አሳደጉት፤ እንዲህ 5 ሚሊዮን ሄክታር ያህል መሬት በዛፍ ተሸፈነ። ሥሩ እኮ ከመሬት በታች በሕይወት ነበር! በጀት የሚለቀቀው በተተከለው ቁጥር ሳይሆን ከ3 ዓመት በኋላ ቆሞ በተገኘው ዛፍ ይሁን፤ ዛፉም በሕግ የተንከባከበው ገበሬ ንብረት ይሁን።