ቴስታታ ከመታሰሩ በፊት የብሎኑ ቀዳዳ ይጽዳ

ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ፣

አሮጌ ሞተር ወርዶ ሲታደስ ፒስተን፣ ፋሻና ብሮንዚን ይቀየራል፤ ቴስታታውም (የሞተሩ የላይኛው ክዳን) ይላጫል። ቴስታታውን የሚያስሩት ብሎኖች ጥርስና የሚገቡበት የሞኖብሎኩ (የሞተሩ ዋና አካል) ቀዳዳ ግን ላይ ላዩን በቤንዚን ታጥቦ ይታለፋል። ብዙም ሳይቆይ ውሃና ዘይት ሲቀላቀል ከሶማሌ ተራ የተገዛው ጓርኒሲዮን (በቴስታታውና በሞኖብሎኩ መካከል የሚገባው ማሸጊያ) ይወቀሳል። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የዕቃው አይደለም።

በቶርክ ሬንች (የማጥበቂያውን ኃይል በሚለካው ቁልፍ) ከምናሳርፈው ኃይል ግማሽ ያህሉ በብሎኑ አናት ሥር፣ 40 በመቶ ገደማው በጥርሱ ላይ በሰበቃ ያልቃል፤ ቴስታታውን ለመጨመቅ የሚተርፈው 10 በመቶ ገደማ ነው። ዝገትና ካርቦን ሰበቃውን ሲጨምሩ ቁልፉ ልክ ደረሰ ቢልም ብሎኑ ገና አልተወጠረም።

ቀዳዳውን በታፕ (የቀዳዳ ጥርስ ማውጫ መሣሪያ) የሚያጸዱ ባለሙያዎች ይህን ቢተዉ እንለምናለን። ታፕ የተሠራው ብረት ለመቁረጥ ስለሆነ ከቆሻሻው ጋር ጤነኛውን ጥርስ ይፍቃል፤ ብሎኑም ይላላል። ውፍረቱም የጥርሱ ርቀትም ከዋናው ብሎን ጋር አንድ ዓይነት የሆነ፣ ጥርሱ ያልተጎዳ አሮጌ ብሎን ይበቃል። ከጫፉ 3 ሴንቲ ሜትር ያህል በቁመቱ 3 ወይም 4 ቦይ በቀጭን የግራይንደር ዲስክ ይውጣለት፤ የቴስታታ ብሎን ጠንካራ ስለሆነ የእጅ መጋዝ አይበግረውም። ጠርዙ በሞረድ ይስተካከል። ቦዮቹን ግሪስ ቀብቶ በእጅ ማስገባት፣ ሲይዝ ግማሽ ዙር መመለስ፣ አውጥቶ መጥረግ፣ እንደገና ማስገባት ነው። በቁልፍ ማስገደድ የለም።

ከዚያ ማጽጃ ፈሳሽ ይረጫል፤ ቀዳዳው በጨርቅ ተሸፍኖ፣ ዓይንም በመነጽር ተከልሎ በኮምፕሬሰር ይነፋል። ታችኛው ጫፉ ዝግ በሆነ ቀዳዳ ውስጥ ዘይት ወይም ውሃ ከቀረ ጣጣው ከባድ ነው፦ ፈሳሽ አይታመቅምና ብሎኑ ሲጠብቅ ሞኖብሎኩን ይሰነጥቃል። ቀጭን እንጨት ላይ ነጭ ጨርቅ ጠቅልሎ እስከ ታች መፈተሽ ግድ ነው።

ለብሎኖቹ የሽቦ ብሩሽና ነጭ ጋዝ ይበቃል። ሁለት ብሎኖችን ጥርስ ለጥርስ አጋጥሞ ወደ ብርሃን መያዝ፤ ክፍተት ከታየ አንዱ ተስቧልና ይጣል። መዞሪያቸው በዲግሪ እየተለካ የሚጠብቁት ብሎኖች፣ አምራቹ ካልፈቀደ በቀር፣ በአዲስ ይተኩ።

ዘይት ስለመቀባት የሚወስነው የሞተሩ መመሪያ ነው። በደረቁ እንዲጠብቅ በተሰጠ ልክ ላይ ዘይት ከተጨመረ ብሎኑ ከመጠን በላይ ይሳባል። ቀዳዳው ወደ ውሃ መተላለፊያው የሚዘልቅ ከሆነ ግን ጥርሱ ላይ ማሸጊያ ይቀባል።

ጋራዦች ብሎኑ የጠበቀበትን ልክ በሥራ ወረቀቱ ላይ ይጻፉ። ባለመኪናውም ቴስታታው ከመታሰሩ በፊት ቀዳዳዎቹ በምን እንደጸዱ ይጠይቅ።

በሞተር እድሳት ሙያ የተሰማራን አንባቢዎች
ከተክለሃይማኖት አካባቢ፣ አዲስ አበባ